ደሴ ተጽፎ ኮምቦልቻ ለሚሠራ ፕሮግራም፦ የሎግ ፋይል አዘገጃጀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ደሴ ተቀምጠን የምንጽፋቸው ብዙ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ሥራ ላይ የሚውሉት ኮምቦልቻ ነው፦ የመለዋወጫ ሱቅ ሽያጭ፣ የጋራዥ ሥራ ትእዛዝ፣ የመጋዘን ገቢና ወጪ። ፕሮግራሙ ሲበላሽ የሚደወልልን ስልክ ሁሌም ተመሳሳይ ነው፤ «እየሠራን ነበር፣ ድንገት ጠፋ» ይባላል፣ ሌላ የለም። ብቅ ያለው መልእክት ሳይነበብ ተዘግቷል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ማየት ይቻላል፤ ሲደርሱ ግን ፕሮግራሙ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይሠራል። ባለሱቁ ያፍራል፣ እኛም ባዶ እጃችንን እንመለሳለን።

መፍትሔው ፕሮግራሙ ራሱ የሆነውን ሁሉ ፋይል ላይ እየጻፈ እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ ይህ መዝገብ ሎግ ይባላል። ብዙ ሰው ሎግ የሚያስገባው ለራሱ እንዲመች፣ ኮዱን በሚጽፍበት ኮምፒውተር ላይ እንዲታየው አድርጎ ነው። እኔ የምመክረው ሌላ ነው፦ ሎጉን ስታዘጋጁ ማዶ ስልክ ይዛ የምታነብላችሁን ሒሳብ ሠራተኛ እያሰባችሁ አዘጋጁት። ከዚህ በታች ያሉት ውሳኔዎች ሁሉ ከዚህ የመነጩ ናቸው።

ምሳሌዬ ፓይተን ነው። ሎጊንግ የሚባለው ሞጁል ከፓይተን 2.3 ጀምሮ አብሮ ስለሚመጣ ምንም የሚወርድ ነገር የለም፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቀንም ሥራው አይቆምም። በሲ ሻርፕ በሴሪሎግ፣ በጃቫ በሎግባክ የምትሠሩም ስሞቹን ለውጣችሁ አካሄዱን እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ።

1ኛ፦ ፋይሉ የሚቀመጥበትን ቦታ ወስኑ

ሎጉን ፕሮግራሙ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡት። ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራም ፋይልስ የሚባለው ፎልደር ተራ ተጠቃሚ እንዲጽፍበት አይፈቀድም። እናንተ ኮምፒውተር ላይ በአድሚን ስለምትገቡ ይሠራል፤ ሱቁ ውስጥ ያለችው ካሸር ስትከፍተው ግን ፋይሉ አይፈጠርም፣ ወይም ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ይወድቃል።

ትክክለኛው ቦታ በተጠቃሚው አፕ ዳታ ሥር ሎካል የሚባለው ፎልደር ነው። መንገዱን በእጃችሁ አትጻፉት፤ ሎካል አፕ ዳታ ከሚባለው የሲስተም ተለዋዋጭ አንብቡት፣ የተጠቃሚው ስም ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ይለያያልና። በሥሩ የፕሮግራማችሁን ስም የያዘ ፎልደር፣ በውስጡም ሎግ የሚባል ፎልደር ፍጠሩ። ፎልደሩ ከሌለ እንዲፈጥር፣ ካለም ዝም ብሎ እንዲያልፍ አድርጉ፤ ሃንድለሩ፣ ማለትም መልእክቱን ተቀብሎ ፋይል ላይ የሚጽፈው የሎጊንግ ክፍል፣ ፋይል ይፈጥራል እንጂ ፎልደር አይፈጥርም። ሊኑክስ ላይ በተጠቃሚው ሆም ፎልደር ሎካል ሥር ያለው ስቴት ነው፣ ማክ ላይ ደግሞ ላይብረሪ ሥር ያለው ሎግስ።

አፕ ዳታ የተደበቀ ፎልደር ነው፤ ባለሱቁ ፈልጎ አያገኘውም። ለዚህ መላው 8ኛው ላይ አለ።

2ኛ፦ አንድ ቦታ ብቻ አዋቅሩ

ፕሮግራሙ ሲነሣ ከሁሉም በፊት የሚጠራ አንድ ፈንክሽን ጻፉ፤ ሎግን የሚመለከት ማንኛውም ማዋቀር እዚያ ብቻ ይሁን። ሌሎቹ የኮድ ፋይሎች በየራሳቸው ስም ሎገር፣ ማለትም መልእክት የሚያስገቡበት መግቢያ፣ ይጠይቁና ይጻፉበት፦ ሽያጭ፣ ማተሚያ፣ ዳታቤዝ። ኋላ ሎጉን ስታነቡ መልእክቱ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ በስሙ ታውቃላችሁ።

ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ሰው ያደናግራሉ። የመጀመሪያው፣ የሁሉም የበላይ የሆነው የዋናው ሎገር ደረጃ፣ ማለትም የሚጻፈው መልእክት ዝቅተኛ ክብደት፣ ካልተነካ ዋርኒንግ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ሳይጻፍ ይቀራል። «ኮዱን አስገባሁ፣ ፋይሉ ግን ባዶ ነው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ደረጃውን ኢንፎ አድርጉት። ሁለተኛው፣ ቤዚክ ኮንፊግ የሚባለው አቋራጭ ዋናው ሎገር ላይ አስቀድሞ ሃንድለር ካገኘ ምንም ሳይናገር ያልፋል፤ አንድ የተጠቀማችሁበት ላይብረሪ ቀድሟችሁ ካዋቀረ የእናንተ ቅንብር ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ሃንድለሩን ራሳችሁ ፈጥራችሁ ለዋናው ሎገር ጨምሩ።

ፕሪንት ላይ አትደገፉ። ኮንሶል የሚባለው ጥቁሩ መስኮት እንዳይታይ ተደርጎ የተዘጋጀ ፕሮግራም መውጫ የለውም፤ ፕሪንት ያደረጋችሁት ሁሉ የትም አይደርስም።

ደረጃዎቹ ቁጥር አላቸው፦ ዲበግ 10፣ ኢንፎ 20፣ ዋርኒንግ 30፣ ኤረር 40፣ ክሪቲካል 50። አድ ሌቭል ኔም በሚባለው ፈንክሽን ለእነዚህ ቁጥሮች የአማርኛ ስም መስጠት ይቻላል፤ እኔ ዝርዝር፣ መረጃ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ስሕተት፣ ከባድ ስሕተት እላቸዋለሁ። መልእክቶቹንም በአማርኛ ጻፉ። ይህን የምለው ለጌጥ አይደለም፤ በስልክ የሚነበብላችሁ ጽሑፍ አንባቢዋ የምትረዳው ከሆነ የትኛው መስመር ዋና እንደሆነ ራሷ ትመርጥላችኋለች። ፓይተን ራሱ የሚያወጣው፣ ስሕተቱ በየትኛው የኮድ መስመር እንደተነሣ የሚያሳየው የስሕተት ዱካ ግን እንዳለ በእንግሊዝኛው ይቆይ።

እንዲህ ይመስላል፦

2025-10-14 09:12:41,203 | መረጃ | ሽያጭ | ደረሰኝ 4471 ተመዘገበ፣ 3 ዕቃ
2025-10-14 09:12:58,640 | ማስጠንቀቂያ | ማተሚያ | ማተሚያው መልስ አልሰጠም፣ እንደገና እየተሞከረ ነው
2025-10-14 09:13:29,017 | ስሕተት | ማተሚያ | ደረሰኝ 4471 አልታተመም

3ኛ፦ የፋይሉን መጠን ገድቡ፣ ፊደሉን ጠብቁ

ሮቴቲንግ ፋይል ሃንድለር የሚባለውን ተጠቀሙ። ማክስ ባይትስን 1,000,000፣ ባክአፕ ካውንትን 5 አድርጉ። ፋይሉ ሲሞላ ስሙ መጨረሻ ላይ 1 ይጨመርበታል፣ የነበረው 1 ደግሞ 2 ይሆናል፣ እንዲህ እያለ አምስተኛው ይጠፋል። ሁሉም ቢደመር ከ6 ሜጋ ባይት ብዙም አያልፍም። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ዜሮ ከሆነ ግን መዞሩ ቀርቶ ፋይሉ ያለ ገደብ ያድጋል፤ ባክአፕ ካውንት ካልነገሩት ዜሮ ስለሆነ ይህ ቶሎ ይረሳል።

በየቀኑ አዲስ ፋይል የሚከፍት ሃንድለርም አለ። ለሱቅ ኮምፒውተር በመጠን የሚዞረውን እመርጣለሁ። አንድ ስሕተት በሰከንድ ብዙ ጊዜ መደጋገም ከጀመረ በቀን የሚዞረው ዲስኩን ሊሞላው ይችላል፤ በመጠን የሚዞረው ከገደቡ አያልፍም።

ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ፊደል ወደ ባይት የሚለወጥበትን ስልት፣ ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ይህ ለእኛ ግዴታ ነው። ካልጻፋችሁት በብዙ የፓይተን ቅጾች ዊንዶውስ የራሱን የላቲን ሰንጠረዥ ይወስዳል፣ ያ ሰንጠረዥ ደግሞ የአማርኛ ፊደል የለውም። የደንበኛ ስም በአማርኛ የያዘ መስመር ሲመጣ መጻፉ ይከሽፋል፤ ሎጊንግ የክሽፈቱን ማስታወቂያ የሚልከው ወደ ጥቁሩ መስኮት ነው፣ መስኮቱ የለም። መስመሩ ማንም ሳያውቅ ይጠፋል። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 1,000,000 ባይት ከ333,333 የሚበልጥ የአማርኛ ፊደል አይዝም። የገደቡን ቁጥር ስትመርጡ ይህን አስቡ።

አንድ ሌላ ነገር። ተጠቃሚ አዶውን ደጋግሞ ይጫንና ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። ሁለቱም አንድ ፋይል ሲይዙ ዊንዶውስ የፋይሉን ስም መለወጥ ይከለክላል፣ መዞሩም ይቆማል። ፕሮግራሙ ሁለተኛ እንዳይከፈት መቆለፊያ አድርጉበት፤ ለሽያጭ መዝገቡም ይሻላል።

4ኛ፦ ሰዓቱን አስተካክሉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው፤ በሌላ አገር በተጻፈ መመሪያ ውስጥም አታገኙትም።

ደንበኛው የሚነግራችሁ «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት አለፍ ሲል» ነው። ፋይሉ የሚለው 09:12 ነው። ቀኑ ለእሱ ጥቅምት 4 ነው፣ ፋይሉ ላይ 2025-10-14። ቀን ቀን 6 መቀነስ ቀላል ነው፤ ሌሊቱ ነው የሚያሳስተው። ማታ 1 ሰዓት ፋይሉ ላይ 19:00 ነው። ሌሊት የሚጭን መጋዘን «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ካላችሁ 02:00 ነው፣ ግን ፋይሉ ላይ የምታገኙት በማክሰኞ ቀን ሥር ነው፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ስለሆነ። «ለማን አጥቢያ?» ብላችሁ መጠየቅ ልመዱ፤ ጥያቄው ለማንም ግልጽ ነው፣ መልሱም አያሻማም።

ታዲያ ሎጉን በእኛ አቆጣጠር እንጻፈው? አይሆንም። መስመሮቹ በቅደም ተከተል መደርደር አለባቸው፣ ከዳታቤዙና ከዊንዶውስ የራሱ መዝገብ ጋርም መነጻጸር አለባቸው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ከዚያ ባለ 24 ሰዓቱ ይቆይ። የእኛን ቀን ግን ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር አንድ የመክፈቻ መስመር ላይ ጨምሩ፦

መክፈቻ 318 | ቅጽ 2.4 | ዊንዶውስ 10 | የሰዓት ልዩነት +03:00 | ጥቅምት 4 ቀን 2018

በዚህ መስመር ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር ሥራ አለው። የሰዓት ልዩነቱ የኮምፒውተሩ የሰዓት ክልል በትክክል ለኢትዮጵያ መቀመጡን ይነግራችኋል። ያም ሆኖ ክልሉ ልክ ሆኖ ሰዓቱ ብቻ በእጅ ወደ እኛ አቆጣጠር የተመለሰ ኮምፒውተር ሊያጋጥም ይችላል፤ ስለዚህ በስልክ መጀመሪያ «አሁን ከስክሪኑ ታች በቀኝ ጥግ ስንት ሰዓት ይላል?» በሉ። በዚያ መልስ ልዩነቱን አውቃችሁ ትነሣላችሁ።

መክፈቻ 318 ያልኩት ቁጥር ደግሞ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር በ1 የሚጨምር ቆጣሪ ነው፤ ትንሽ ፋይል ላይ ይቀመጣል። ለምን? ቆየት ያሉ ዴስክቶፖች ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለው የሰዓት ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሎጉ ውስጥ ዛሬ የተጻፈው መስመር ከዓመታት በፊት የሆነ ይመስላል። ቀኑ ሲዋሽ ቆጣሪው አይዋሽም፤ 318 ከ317 በኋላ ነው። እንዲያውም ቆጣሪው አድጎ ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ፕሮግራሙ ራሱ «የኮምፒውተሩን ሰዓት ያስተካክሉ» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ደረሰኝ በተሳሳተ ቀን ከመቆረጡ በፊት ባትሪዋ ትቀየራለች።

5ኛ፦ ያልተያዘውን ስሕተት ያዙ

በትራይና ኤክሴፕት ያሰባችሁበትን ትይዛላችሁ። ፕሮግራሙን የሚጥለው ያላሰባችሁት ነው። ሲስ በሚባለው ሞጁል ውስጥ ኤክሴፕት ሁክ የሚባል ቦታ አለ፤ ማንም ያልያዘው ስሕተት በመጨረሻ እዚያ ያልፋል። የራሳችሁን ፈንክሽን እዚያ ተክታችሁ ሙሉ ዱካውን በከባድ ስሕተት ደረጃ ጻፉት።

እሱ ብቻ ግን አይበቃም። መስኮትና አዝራር ለመሥራት ቲኬ ኢንተር የሚባለውን የፓይተን ሞጁል የምትጠቀሙ ከሆነ አዝራር ሲጫን የሚነሣ ስሕተት በዚያ በኩል አያልፍም፤ የመስኮቱ ሪፖርት ኮልባክ ኤክሴፕሽን የሚባለው ሜተድ ጋር ይሄዳል፣ እሱም ወደሌለው ጥቁር መስኮት ይጽፋል። እሱንም ተኩት። ከጀርባ የሚሠሩ ትሬዶች ደግሞ የራሳቸው ሁክ አላቸው፣ ከፓይተን 3.8 ጀምሮ። ሦስቱም ወደ አንድ ፈንክሽን ይምሩ፤ ያ ፈንክሽን ሎግ ይጽፋል፣ ከዚያ ለተጠቃሚው በአማርኛ አጭር መልእክት ያሳያል።

ስሕተት በያዛችሁበት ቦታ ሁሉ ደግሞ የሎገሩን ኤክሴፕሽን የሚባለውን ጥሪ ተጠቀሙ፤ ዱካውን አብሮ ይጽፋል። የስሕተቱን አጭር ጽሑፍ ብቻ መጻፍ የትኛው መስመር ላይ እንደወደቀ አይነግራችሁም።

6ኛ፦ መብራት ሲሄድ

የፋይል ሃንድለር እያንዳንዱን መስመር ከጻፈ በኋላ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክባል። ፕሮግራሙ ብቻ ቢወድቅ ምንም አይጠፋም። መብራት ሲሄድ ግን ሲስተሙ ሜሞሪ ላይ ይዞ ዲስክ ላይ ያላሰፈራቸው የመጨረሻ መስመሮች ሊጠፉ ይችላሉ፤ አንዳንዴም የፋይሉ ጫፍ በባዶ ባይቶች ተሞልቶ ይገኛል። ፋይሉ መጨረሻ ላይ ነጭ ቦታ ወይም የማይነበብ ምልክት ብታዩ ኮዳችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት «ያኔ መብራት ሄዶ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስሕተትና ከባድ ስሕተት ሲጻፍ ኤፍ ሲንክ የሚባለውን ጥሪ ጨምራችሁ ዲስክ ላይ እንዲያሰፍር ማስገደድ ትችላላችሁ፤ ሃንድለሩን ወርሳችሁ ኢሚት የሚለውን ሜተድ ማስፋት ነው። ለእያንዳንዱ መረጃ መስመር ግን አታድርጉት፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሽያጩ ይጎተታል።

ፕሮግራሙ በደህና ሲዘጋ «ተዘጋ» የሚል መስመር ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ንባቡ ቀላል ነው፦ ከመክፈቻ መስመር በፊት «ተዘጋ» ካለ በሰላም ተዘግቷል፤ ከባድ ስሕተት ካለ ወድቋል፤ ሁለቱም ከሌሉ አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሄዷል ወይም አንድ ሰው ኃይሉን ነቅሏል። እኔ ሎግ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

7ኛ፦ ምን ይጻፍ፣ ምን አይጻፍ

የሚጻፈው፦ የደረሰኝ ቁጥር፣ የዕቃ ኮድ፣ የትኛው አዝራር እንደተጫነ፣ ዳታቤዙ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ ማተሚያው ምን እንደመለሰ። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ለመሥራት ሲወስን ውሳኔውንና ምክንያቱን ጻፉ፤ «ቅናሽ አልተሰጠም፣ ብዛቱ ከ10 በታች ስለሆነ» የሚለው መስመር ከብዙ የቁጥር መስመር ይበልጣል።

የማይጻፈው፦ የይለፍ ቃል፣ ፒን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የደንበኛ ስልክ። ሎጉ በቴሌግራም እንደሚላክ፣ በፍላሽ እንደሚዞር አትርሱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ የሰው መረጃ አያያዝ ከጨዋነት አልፎ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ደንበኛን መለየት ካስፈለገ በዳታቤዙ ውስጥ ያለው መለያ ቁጥር ይበቃል።

8ኛ፦ ፋይሉ እንዴት እጃችሁ ይገባል

እርዳታ በሚለው ሜኑ ሥር «የችግር ማስረጃ አውጣ» የሚል አዝራር አድርጉ። ሲጫን ስድስቱን የሎግ ፋይሎች በአንድ ዚፕ አጭቆ ዴስክቶፑ ላይ ያስቀምጣል፤ ስሙ የሱቁን ስምና የመክፈቻ ቁጥሩን ይያዝ። ሎግ ተመሳሳይ ቃል የሚደጋገምበት ጽሑፍ ስለሆነ ዚፕ ሲደረግ በጣም ያንሳል።

ብዙ የሱቅ ኮምፒውተር ኢንተርኔት የለውም፤ ኢንተርኔቱ ያለው ሠራተኛዋ ስልክ ላይ ነው። ገመድ ካለ ዚፑ ወደ ስልኩ ይገለበጣል። ገመድ ለሌለበት ቀን ሁለተኛ አዝራር ጨምሩ፦ የመጨረሻዎቹን 20 መስመሮች በትልቁ ፊደል ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ። ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይላካል። ይህን አዝራር ሳልጨምር የማስረክበው ፕሮግራም የለም።

ስልኩ ላይ ያለው ንግግር ያኔ አጭር ይሆናል፦

«ባለቤቱ ባቲ ገበያ ሄዷል፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ምን እንደነካሁ አላውቅም።»
«አብሽሪ እህቴ፣ ምንም አላበላሸሽም። ላይኛው መስመር ላይ እርዳታ የሚለውን ተጫኚው። የመጨረሻ መስመሮችን አሳይ የሚል አለ?»
«አለ። ከፈትኩት።»
«ፎቶ አንሺውና ላኪልኝ።»

ዝርዝሩ ካልበቃችሁ የሎጉን ደረጃ ወደ ዲበግ የሚያወርድ ምልክት ማድረጊያ ቅንብሮች ውስጥ ይኑር፤ ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት በራሱ ወደ ኢንፎ ይመለስ። ካልተመለሰ በዝርዝር የተጻፈው ብዛት አሮጌውን ጠቃሚ መስመር ገፍቶ ያስወጣዋል።

9ኛ፦ ከማስረከብ በፊት ፈትኑት

ኮምፒውተራችሁ ላይ አድሚን ያልሆነ አዲስ ተጠቃሚ ፍጠሩ፣ ከተቻለም ስሙ በአማርኛ ይሁን፤ የፎልደሩ መንገድ የአማርኛ ፊደል ሲይዝ የሚሰናከል ኮድ እዚህ ይጋለጣል። ፕሮግራሙን በመጫኛው ጫኑት፣ ከኮድ መጻፊያችሁ አትክፈቱት።

ሆን ብሎ ስሕተት የሚፈጥር የተደበቀ አቋራጭ ቁልፍ አድርጉ፤ አንዱ ከአዝራር፣ አንዱ ከትሬድ። ሁለቱም ሎጉ ውስጥ ከሙሉ ዱካቸው ጋር መገኘት አለባቸው። ማክስ ባይትስን ለጊዜው 2,000 አድርጋችሁ ፋይሉ ሲዞር እዩ። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ በታስክ ማናጀር ግደሉት፣ ከዚያ ክፈቱትና «ተዘጋ» የሚለው አለመኖሩን አረጋግጡ። ሰዓቱን ወደ 2009 መልሱና ማስጠንቀቂያው መምጣቱን ተመልከቱ።

በመጨረሻ ዚፑን ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩትና ስልክ ላይ ክፈቱት፤ ፊደሉ በትክክል ከተነበበ አስረክቡ፣ በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ከመጣ ወደ 3ኛው ተመልሳችሁ ኢንኮዲንጉን እዩ።